አርባ ሊትር ባሕር

«ትንሽ ናት እኮ!» የሚል ሰው ወደ ዶርማችን ሲመጣ ድካሙ የሚጀምረኝ ገና ከበሩ ነው። አልጋዬ ራስጌ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን የመስታወት ሣጥን ያያል፤ በስንዝር ይለካታል፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ለዚህች ነው እንዲህ ጠውልገህ የቀረኸው?» ይላል። አዎ፣ ለዚህች ነው። ትልቅ ብትሆንማ ማን ይጠወልግ ነበር!

ያደግሁት ማጀቴ ነው፤ ይፋት። የምማረው ደግሞ ብርድ ከማይጠፋበት ደጋ ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲው ስም ይቆየን። የማወራው የየትኛውም ግቢ ተማሪ የሚያውቀውን ስለሆነ ስም መጥራት ትርፉ መቀያየም ነው። ስድስት ሆነን በምንኖርባት ክፍል ውስጥ 40 ሊትር የምትይዝ የባሕር ውሃ አኳሪየም አቁሜያለሁ። ወንዝ ወይም ሐይቅ አላልኩም፤ ባሕር ነው ያልኩት። የባዮሎጂ ተማሪ ሆኜ ስለ ባሕር ፍጥረት ስሸመድድ የከረምኩት ባሕርን በስልክ ብቻ አይቼ ነው። አንድ እፍኝ ባሕር ቢኖረኝ ብዬ ተመኘሁ። ምኞት አይከለከልም ይባላል፤ ይህን ያለው ሰው የእኛን ፕሮክተሮች ሳያውቃቸው አልቀረም ብላችሁ አትጠርጥሩ፤ አያውቃቸውም።

የትንሽ ነገር ጣጣው እንዲህ ነው። ለሠርግ በተጣደ ጎላ ድስት ውስጥ አንድ ማንኪያ ጨው ቢበዛ ማንም ልብ አይለውም፤ ለአንድ ሰው በተሠራች ሽሮ ላይ ግን ያቺው ማንኪያ ምሳ ታስተዋለች። 400 ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ነገር ሞቶ ቢበሰብስ፣ ሙቀቱ ቢወርድ፣ ውሃው ቢተን፣ ለውጡ እስኪታወቅ ቀናት ይወስዳል። 40 ሊትር ግን ማታ ደህና ነበር ብላችሁ ትተኛላችሁ፤ ጠዋት ሌላ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ባሕር ደግሞ መለዋወጥ አልለመደም። በአንድ ሊትር ወደ 35 ግራም ጨው፣ ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ፣ በቃ፤ ከዚያ ፈቀቅ ሲል የለመደው ፍጥረት ሁሉ ይታመማል። እንግዲህ ዶርም ውስጥ ፈቀቅ የማይል ነገር ካለ ፈልጋችሁ አምጡልኝ። ውሃ የሚመጣው ሲመጣ ነው። መብራትም እንዲሁ። የፈተናው ፕሮግራም ይለወጣል፣ የመማሪያው ክፍል ይለወጣል። የማይለወጠው የካፌው ወጥ ብቻ ነው።

ከሁሉ ቀድሞ ያስመረረኝ ትነቱ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ያለው ደረቅ የደጋ ነፋስ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ውሃዬን ይልሰዋል። ውሃው ይሄዳል፤ ጨው ግን አይተንም፤ ስለዚህ የቀረው ውሃ ጨዋማነቱ ዕለት ዕለት እየጨመረ ይመጣል። መድኃኒቱ በጎደለው ልክ ጨው የሌለበት ንጹሕ ውሃ መጨመር ነው። ይህን ለአምስት የክፍል ጓደኛ ማስረዳት ግን አይጣል ነው። አንደኛው «የጨው ውሃ ከሆነ ጨው ነዋ የሚጨመረው» ብሎ ከምሳው የተረፈውን ጨው ሊነሰንስ ሲል በእጁ ላይ ደረስኩበት። የከሚሴው ልጅ ደግሞ ደግ ነው፤ ክፋቱም ደግነቱ ነው። ከክፍል ስመለስ «ጎድሎብህ ነበር፤ ሞላሁልህ» ይለኛል። ከየት? በሩ ጀርባ ካለው ጀሪካን። ጀሪካኑ ውስጥ ውሃ አጋር ተጨምሯል። ሰው እንዳይታመም ክሎሪን ይጠቅመዋል፤ የእኔ ሣጥን ግን የምትኖረው በባክቴሪያ ነው፣ ክሎሪን ደግሞ የተፈጠረው ባክቴሪያ ሊገድል ነው። «ወላሂ ላግዝህ ብዬ ነው» ሲል ምን ትሉታላችሁ? ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ተጣልቼው ወጥቶልኝ ነበር።

ንጹሑ ውሃስ ቢሆን ከየት ይመጣል? የእኛ ብሎክ ቧንቧ ሁልጊዜ ክፍት ተትቶ ይታደራል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መጀመሪያ ያፏጫል፣ ቀጥሎ ይስላል፣ ቀጥሎ ቀይ ውሃ ይተፋል። ያኔ ከኮሪደሩ ጫፍ አንዱ «ውሃ መጣ!» ይላል፤ ባልዲና ጀሪካን ይንኳኳል፣ ነጠላ ጫማ ይጮሃል፣ ሕንፃው በሙሉ ይነሳል። ፈተና ያለበትም የሌለበትም ይሰለፋል። ጠጥተን፣ ታጥበን፣ ሽንት ቤቱ ላይ ደፍተን የሚተርፈውን ነው እንግዲህ ለባሕር የምሰጠው። የሚተርፍ ከሆነ።

የጨው ነገርማ ተዉት። ለእናቴ በስልክ ስነግራት የሳቀችው ሳቅ ካራቆሬ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። «አንተ ልጅ፣ ጨው ቸግሮህ ነው? ከገበያ ገዝቼ እልክልሃለሁ።» ሒሳቡም የሚያግዘው እሷን ነው፤ 40 ሊትር በ35 ግራም ሲባዛ 1 ኪሎ ከ400 ግራም ይመጣል። «ለኪሎ ተኩል ጨው ነው እንዲህ የምታማርረው?» አለችኝ። የገበያው ጨው ግን ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው፤ ያውም አዮዲን የተጨመረበት። ባሕር ውስጥ ካለው ጨው ሶዲየምና ክሎራይድ ከመቶ 85 ያህሉ ናቸው፤ የቀረው ማግኒዥየም ነው፣ ሰልፌት ነው፣ ካልሲየም ነው፣ ፖታሲየም ነው። ሸርጣን ቅርፊቱን፣ ቀንድ አውጣ ቤቱን የሚሠራው ከዚያ ካልሲየም ነው። በገበያ ጨው የተሞላ አኳሪየም ለቋንጣ ይሆን ይሆናል እንጂ ለነፍስ አይሆንም።

ይህ ችግር እንግሊዞችንም አልማራቸውም። ለንደን በእንስሳት ማቆያው ግቢ የመጀመሪያው ለሕዝብ ክፍት የሆነ የዓሣ ቤት የተመረቀው በ1853 እ.ኤ.አ. ነው። ባሕር ዳር ላልሆነ ሰው ደግሞ የባሕር ውሃ ማግኘት ያኔም ፈተና ነበር። ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የሚባል የተፈጥሮ ተመራማሪ በዓመቱ መላ አመጣ፤ አራት ዓይነት ጨው በልኩ ቀላቅሎ የባሕር ውሃ ቤት ውስጥ መሥራት እንደሚቻል ጻፈ። አራቱም ጨዎች እኛ ኬሚስትሪ ላብራቶሪ መደርደሪያ ላይ አሉ። በዓይኔ አይቻቸዋለሁ፤ የአንዱ ዕቃ ክዳን ላይ አቧራው ጣት ያስጽፋል። ሄጄ ጠየቅሁ።

«ለምን ዓላማ ነው?»

«ለአኳሪየም።»

«የመመረቂያ ጽሑፍህ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ርዕስ አስጸድቅና ከዲፓርትመንት ደብዳቤ ይዘህ ና።»

ዲፓርትመንቱ ደግሞ ላብራቶሪው ዕቃው መኖሩን በጽሑፍ ካላረጋገጠ ደብዳቤ አይጽፍም። የ1854ቱ ሰውዬ በአንድ ገጽ የጨረሰውን ነገር እኔ በፋይል ልጨርሰው አልቻልኩም። ውጭ አገር ያሉት እንደ ዱቄት ወተት የተዘጋጀ ጨው በባልዲ ይገዛሉ አሉ። አክስት ያለው በሻንጣ ያስመጣል፤ ያውም ነጭ ዱቄት በኪሎ ይዛ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ለመቆም ወኔ ያላት አክስት ከተገኘች ነው።

የሚያበሽቀኝ ይህ ሁሉ የሚደርሰው በይፋት ልጅ ላይ መሆኑ ነው። የእኛ ቆላ እኮ የጨው መንገድ ነበር! አንኮበር ሥር ያለው የአልዩ አምባ ገበያ የአፋር ግመሎች ጨው የሚያራግፉበት ገበያ ነበር። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ ካለው ከአሳል ሐይቅ፣ ዛሬ ጅቡቲ ከምንለው አገር፣ ጨው በግመል እየተጫነ ወደ ሸዋ ይወጣ ነበር። በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው እንግሊዛዊ ሃሪስም ከታጁራ ተነስቶ የመጣው በዚያው በአሳል በኩል ነው። ኋላም ዘመን ሲቀየር ግመሉ በመኪና ተተካ፤ ከአሰብ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ከባድ መኪና የአዋሽ–ሚሌው መንገድ እስኪሠራ ድረስ ከኮምቦልቻ ወርዶ በሸዋ ሮቢት አድርጎ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማ በርን ይወጣ ነበር። ሽማግሌዎቻችን ሌሊት ጥሩምባውን እየሰሙ ነው ያደጉት። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች፤ በ1990 ጦርነቱ ሲነሳ ደግሞ አሰብም ተዘጋ። እኔ ስወለድ ባሕር የሚባለው ነገር ካርታ ላይ ያለ ሰማያዊ ቀለም ነበር። አሁን አገሬ ባሕር ኃይሏን መልሳ አቋቁማለች፤ ባሕሩ ግን የለም። እኔ ደግሞ ባሕሩ አለኝ፤ ኃይል ነው የጠፋኝ። መብራት ማለቴ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ባሕሩ እንዴት መጣ? አጎቴ የተሳቢ ሹፌር ነው፤ ጅቡቲ ጭኖ በጋላፊ ገብቶ፣ ሚሌና ባቲን አልፎ ኮምቦልቻ ያራግፋል። «ጋሼ፣ አንድ ሁለት ጀሪካን የባሕር ውሃ» ብዬ ለመንኩት። ሥራው የበዛበት ሰው ነው፤ ግን እምቢ አላለም። ያመጣበት ጀሪካን ያው ቢጫው የዘይት ጀሪካን ነው። በኦሞ ታጥቧል ይላል። ውሃውን ስገለብጠው ላዩ ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ያለው ስስ የዘይት ሽፋን ተንሳፈፈ። ሽፋኑ አየር ወደ ውሃው እንዳይገባ ይከለክላል፤ ኦሞው ደግሞ የራሱ መርዝ አለው። በዚያ ላይ የባሕር ውሃ ባዶ ውሃ አይደለም፤ በዓይን የማይታይ ሕይወት ሞልቶታል። ያ ሁሉ ፍጥረት በታሸገ ጀሪካን በአፋር ሙቀት ሲቀቀል ከርሞ ሲከፈት ያለውን ሽታ ልግለጽላችሁ? ይቅር። የክፍል ጓደኞቼ ዛሬም ይገልጹልኛል።

አንድ ኬላ ላይ የሆነውን ደግሞ አጎቴ ነው ያጫወተኝ። ፈታሹ ጀሪካኑን አስከፈተ፣ አሸተተ፣ በጣቱ ነክሮ ቀመሰ፣ ተፋ።

«ጋሼ፣ ይህ ጨው ነው!»

«አዎ፣ ጨው ነው።»

«ቀረጥ ተከፍሎበታል?»

ለባሕር ውሃ የቀረጥ ደረሰኝ የሚሰጥ ሰው ካለ ይነገረኝ። አጎቴ ግማሽ ቀን ቆሞ፣ ስልክ ተደውሎ፣ አለቃ መጥቶ፣ አለቃውም ቀምሶ፣ እሱም ተፍቶ ነው ያለፈው። ማጀቴ ሲደርስ እናቴም ቀመሰችው። «ይህን ነው ከጅቡቲ ድረስ ያስጫነህ? እኛ አገር ጨው ጠፍቶ?» አለችው። አጎቴ መልስ ሳይሰጥ ቡናውን ጠጥቶ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ጀሪካን ይገዛልኛል፤ ዋጋውን ግን ከእኔ ይቀበላል።

ውሃው ደርሶ ሣጥኗ ከሞላች በኋላ ደግሞ መጠበቅ መጣ። አዲስ አኳሪየም ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር ወዲያው አይገባም። የተረፈ ምግብና የእንስሳ ቆሻሻ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ገዳይ ነው። እሱን ወደ ናይትራይት የሚለውጥ ባክቴሪያ አለ፤ ናይትራይትም መርዝ ነው። ናይትራይቱን ደግሞ ወደ ናይትሬት የሚለውጥ ሌላ ባክቴሪያ አለ፤ ናይትሬት እንኳ ይቻላል፤ ከውሃው ትንሽ ትንሽ እየቀዱ በአዲስ ይተኩታል። እነዚህ ሁለት ወገኖች ሣጥኗ ውስጥ ባሉት ድንጋይና ስፖንጅ ላይ ተራብተው ሥራ እስኪጀምሩ በሞቃት ውሃ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ፤ በብርድ ከዚያም ይዘገያሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚታየው ምንድን ነው? ውሃ። ዝም ያለ ውሃ።

ዜናው ግን ግቢውን አዳርሷል። ከሌላ ብሎክ ሳይቀር እየመጡ አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ይለጥፋሉ።

«ዓሣው የታለ?»

«ገና ነው።»

«ሞተ?»

«አልገባም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምትጠብቀው?»

ባክቴሪያ እየጠበቅሁ ነው ብትሉ ይስቁባችኋል፤ ዝም ብትሉ ዓሣውን ጠብሳችሁ የበላችሁ ይመስላቸዋል። የሐዋሳው ልጅ እስከ ዛሬ ይህን ይጠረጥራል። አንዱ ፍሬሽ አዝኖልኝ የዳቦ ፍርፋሪ በተነበት፤ ቢያናድደኝም ሳያውቀው ጠቅሞኛል፤ የሚበሰብስ ነገር ያስፈልገኝ ነበር።

መብራቱ ጋ ደረስን። ክፍላችን ውስጥ የሚሠራው ሶኬት አንድ ነው፤ ከሱ ላይ ዲቫይደር፣ ከዲቫይደሩ ላይ ሌላ ዲቫይደር፣ ከዚያ የስድስት ሰው ስልክና ሦስት ላፕቶፕ ይንጠለጠላል። የአየር ፓምፔ ድርሻዋ አንድ ቀዳዳ ናት። ሌሊት አንዱ ስልኩ 5 ፐርሰንት ሲደርስበት የሚነቀለው ማን ይመስላችኋል? ስልክ ሲነቀል ባለቤቱ ይነቃል፤ ፓምፕ ሲነቀል ባሕር አይጮህም። ስፖንጁ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች የሚተነፍሱት ፓምፑ በሚነፋው አየር ነው፤ ሰዓታት ከቆመባቸው መሞት ይጀምራሉ፣ ሲሞቱም እነሱው ራሳቸው አሞኒያ ይሆናሉ። መብራት ጨርሶ ሲጠፋ ደግሞ ፓምፑን ፓወር ባንክ ላይ እሰካለሁ። የራሴ ስልክ ጠፍቶ፣ ለቤተሰብ ሳልደውል፣ ለድንጋይ አየር እየነፋሁ አድራለሁ። ይህን ለማን ይነግሩታል?

ሙቀቱስ? ውሃው 25 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ክፍላችን በኅዳር ሌሊት ከ15 በታች ነው። ማጀቴ ወይ ሸዋ ሮቢት ብሆን ኖሮ ሙቀቱን ቆላው በነጻ ይሰጠኝ ነበር፤ እንዲያውም ግንቦት ላይ ይበዛብኝ ነበር። እዚህ ግን ትንሿ የመስታወት ማሞቂያ ያስፈልጋል፤ ማሞቂያ ደግሞ በዶርም ሕግ ከስቶቭ ጋር አንድ ላይ ተጽፏል፤ ክልክል ነው። ፕሮክተሩ ለፍተሻ መጥቶ ማሞቂያዋን ከውሃው ውስጥ ሲያያት «ሻይ ታፈላበታለህ!» አለኝ። የባሕር ውሃ ሻይ! ውሃውን ቀምሶ እንዲያረጋግጥ ጋበዝኩት፤ ሥራው ፍተሻ እንጂ ቅምሻ አለመሆኑን ነግሮኝ ማሞቂያዋን ይዟት ሄደ። ስትመለስ ቴፕ ተጠቅልሎባት ነበር። በመካከሉ ባሉት ሌሊቶች ሣጥኗን በጋቢዬ ጠቅልዬ አሳደርኳት። ከላይኛው አልጋ ያለው ልጅ ቁልቁል አየኝና «ማርያም ትማርሽ ልበል?» አለኝ።

ክርክሩም አለ። ሁዳዴ ሲገባ ሣጥኗ ፊት ጉባኤ ይቆማል፦ ዓሣ ይጾማል አይጾምም? አንዱ የሰንበት ተማሪ ነው፣ አንዱ አያቱ ቄስ ናቸው፤ ሁለቱም ዓሣ በሌለበት ሣጥን ላይ እጃቸውን እየጠቆሙ እስከ እኩለ ሌሊት ይሟገታሉ። የምዕራፍና የቁጥር መዓት ይወርዳል። እኔ በማግስቱ ጄኔቲክስ ፈተና አለብኝ።

እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ፊልሙ ዓሣ፣ ስለ ኒሞ ነው። እውነት ለመናገር የቀይ ባሕርም የራሱ ኒሞ አለው፤ ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቀውን ያን ዓሣ በ1830 እ.ኤ.አ. በሳይንስ የገለጸው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ ከዚያ ወደ እኛ አገር ገብቶ ጎንደር ድረስ ዘልቋል። ግን ኒሞን የሚያውቅ ሰው ሁሉ አፍዴራን አለማወቁ ያንገበግበኛል። አፋር ውስጥ ያለው የአፍዴራ ሐይቅ ከባሕር ብዙ እጥፍ ጨዋማ ነው። በዳርቻው ካሉት ምንጮች አጠገብ ግን ዓሣ ይኖራል፤ ሌላ የትም የሌለ ዓሣ። አንደኛው ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ ነው፤ ጣሊያኖች ናቸው በ1931 እ.ኤ.አ. የመዘገቡት። ሌላውን ጣት የማያክል ዓሣ ግን ለሳይንስ አዲስ መሆኑን በ2001 እ.ኤ.አ. ከአንድ የውጭ ባልደረባው ጋር ያስመዘገበው የራሳችን ሰው ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የዓሣ ሊቅ አበበ ጌታሁን። ኒሞ ፊልም ሆኖ የወጣው ከዚያ በሁለት ዓመት ነው። የአሰብ ጨው ከተቋረጠ ወዲህ አብዛኛው የገበታ ጨዋችን የሚመጣውም ከዚሁ ሐይቅ ነው፤ ውሃውን በፓምፕ እየሳቡ ኩሬ ላይ ያደርቁታል። እናቴ «ከገበያ ገዝቼ ልላክልህ» ያለችኝ ጨው የዚያ ዓሣ ቤት ነው ማለት ነው። በየቀኑ ወጣችን ውስጥ እንጨምረዋለን፤ ዓሣውን የሚያውቀው የለም። ይህንን ለጎብኚዎቼ በዝርዝር አስረድቼ ስጨርስ «እሺ፤ ኒሞስ መቼ ነው የሚመጣው?» ይሉኛል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ለነገሩ አሁን ነዋሪ አለኝ። አጎቴ በአንዱ ጉዞው ከባሕሩ ዳር የጡጫ ያህል ድንጋይ አንስቶ፣ አፉ በተቆረጠ ሀይላንድ ውስጥ ከውሃው ጋር አድርጎ፣ መሪው አጠገብ አስቀምጦ አመጣልኝ። ድንጋዩ ሥር የተደበቀውን እሱም አላየውም። የሽንብራ ፍሬ የምታክል ሸርጣን ናት፤ የሞተ ቀንድ አውጣ ቤት ውስጥ ገብታ የምትኖር። ልጆቹ «ተከራዩ» ብለው ሰየሟት፤ ስድስት ሆኖ በአንድ ክፍል የሚኖር ሰው በተከራይ ይስቃል። ቀን ቀን ድንጋዩ ሥር ትገባለች፤ እንግዳ ሲመጣ ጨርሶ አትወጣም። መብራት ጠፍቶ ሁሉም ሲተኛ ግን ቤቷን እየጎተተች መስታወቱን ጠቅ፣ ጠቅ ታደርጋለች። በስልክ መብራት ሳያት ዓይኖቿ በሁለት ቀጭን ዘንጎች ጫፍ ተተክለው ለየብቻ ይዞራሉ፤ ከአፏ አጠገብ ያሉት ትናንሽ እጆች ያለማቋረጥ ይፍተለተላሉ፤ ከድንጋዩ ላይ አረንጓዴውን አልጌ እየጫረች ትጎርሳለች። ይህን ያየ ሰው ከእኔ ሌላ የለም፤ ቀን ለሚመጡት «ትላንት ሌሊት ብታዩ» ማለት ደግሞ ዓሣ አጥማጅ ከሚያወራው አይለይም።

አሁን ሰኔ ደርሷል፤ ዶርም ልቀቁ ተብለናል። ክሊራንስ የሚፈርመው ሰውዬ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ነጭ የጨው ቀለበት አየ። ጨው ከአኳሪየም ጠርዝ ላይ እየተሳበ ይወጣል፤ የትም ነው የሚደርሰው። በጨርቅ ጠርጌ አሳየሁት፤ ቀለበቱ ለቀቀ፣ ሥሩ ግን እንጨቱ አብጧል። ቅጹ ላይ «ጠረጴዛ 1፣ የተጎዳ» ብሎ ጻፈ። ስገባ እግሩ በሽቦ ታስሮ እንደተረከብኩት ብነግረው «ያኔ ለምን አላስመዘገብክም?» አለ። ውሃውን ግማሹን ልቀንስ ብዬ አበባው ሥር ልደፋ ስል ደግሞ አትክልተኛው አካፋውን ይዞ መጣብኝ፤ እሱስ እውነቱን ነው፣ ሣሩን ያደርቀዋል። ጀሪካን ተሸክሜ እስከ ፍሳሹ ቦይ ወረድኩ።

እናቴ «አምጣት፤ ከማድጋው አጠገብ ቦታ አለ» ብላለች። ትራንስፖርቱን ግን ራስህ ቻል ነው ያለችው። መናኸሪያ ሄጄ ጠየቅሁ። ረዳቱ ሣጥኗ ከላይ ትጫን አለኝ፤ መስታወት ናት፣ ውሃ አላት አልኩት። እንግዲያው ከውስጥ ወንበር ይዛ ትሂድ፣ የሁለት ሰው ሒሳብ ክፈል አለኝ። ነፍስ ያለው ነገር ካለባት ደግሞ ይጨመራል አለ፤ እንስሳ ነው ብሎ። ሽንብራ እንደምታክል በጣቴ አሳየሁት። «ታዲያ ለዚህች?» አለና ሒሳቡን ግን አልቀነሰም። ነገ አጎቴን እጠይቀዋለሁ፤ ኮምቦልቻ ካራገፈ ባዶውን ነው የሚመለሰው።